የዋጋ ተመንና የአንጾኪያ ረኀብ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ362 ዓ.ም. የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ አንጾኪያ ሲገባ ሕዝቡ ስለ ኑሮ ውድነት አቤት አለ። ድርቅ ነበረ፤ ባለጸጎችም እህሉን በጎተራ ቆልፈውበት ነበር። ንጉሡ መክሮ ሦስት ወር ያህል ከጠበቀ በኋላ የዋጋ ተመን ዐወጀ። ዐዋጅ ብቻውን እንደማያጠግብ ስለ ተረዳም ከካልኪስና ከሂየራፖሊስ 400,000 ሞዲዩስ (አንዱ 9 ሊትር ገደማ ነው) እህል አስመጣ፤ ከግብፅም ጨመረበት። ቀድሞ 10 መስፈሪያ ይገዛ በነበረው ገንዘብ 15 እንዲሰፈር አደረገ። ባለጸጎቹ ግን በገጠር ያከማቹትን በስውር በውድ ዋጋ ሸጡ፤ የገጠሩም ሰው ዳቦ ፍለጋ ወደ ከተማ ጎረፈ። በእኛ ሙያ አነጋገር፣ ማጠራቀሚያው ሲሞላ የሚያፈሰው ቀዳዳ አልተደፈነም ነበር። ታሪክ ጸሐፊው አሚያኑስ ድርጊቱን ዝና ፍለጋ ነው ብሎ ነቅፎታል፤ ያን ሁሉ እህል ላጓጓዘ ሰው ፍርዱ የከበደ ይመስለኛል። ዩልያኖስ በመጋቢት 363 ከተማይቱን ተቀይሞ ወደ ፋርስ ዘመተ፤ በዚያው ዓመት በጦርነቱ ቈስሎ ሞተ።