የአየርላንድ የሆነው ቡዙኪ

የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ በሚጫወቱ ሰዎች መካከል ቡዙኪ የተባለው ባለ ክር መሣሪያ ዛሬ እንግዳ አይደለም። መሣሪያው ግን የግሪክ ነው፤ ወደ አየርላንድ ሙዚቃ ያስገባው ሙዚቀኛው ጆኒ ሞይኒሃን ሲሆን ጊዜውም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ነበር። «ታዲያ ምኑ ነው ባህላዊ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ባህልን በዕድሜና በትውልድ አገር ብቻ ከለካን ግን ቫዮሊኑንም ለጣሊያን መመለስ ሊኖርብን ነው። ኮንሰርቲናም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣ ነው፤ ያለ እርሱ የአየርላንዱን የክሌር አውራጃ ሙዚቃ ማሰብ ግን አይቻልም።

ቡዙኪን የአየርላንድ ያደረገው ለዜማው ሲባል የተደረገበት ለውጥ ነው። የግሪኩ ቡዙኪ ጀርባው እንደ ቅል የጎደጎደ፣ ድምፁም ጥርት ያለና ሹል ነው፤ ዜማ ለመምራት ይመቻል። በአየርላንድ የተፈለገው ግን ይበልጡን አጃቢ ነበር። ስለዚህ ሞይኒሃን የማንዶሊንን ቅኝት ወስዶ ቀጭኑን ጥንድ ክር ከሚ ወደ ሬ አወረደው፤ ቅኝቱም ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሬ ሆነ። ክሮቹ በጣት ሳይያዙ እየጮሁ ሲቀጥሉ አጃቢው ዜማውን ወደ ሜጀርም ወደ ማይነርም አይገፋውም፤ ይህ ደግሞ ለብዙዎቹ የአየርላንድ የቆዩ ዜማዎች ትልቅ ነገር ነው። ቀጥሎ ሙዚቀኛው ዶናል ላኒ በሁለቱ ወፍራም ጥንዶች ላይ በኦክታቭ ይቃኙ የነበሩትን ቀጫጭን ክሮች አንስቶ እኩል ድምፅ በሚሰጡ ወፍራም ክሮች ተካቸው፤ ድምፁም ጥልቀት አገኘ። እንጨቱ የተለወጠው ከዚህ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ሠሪ ፒተር አብኔት በ1970 ለላኒ ከሦስት ክፍል የተጋጠመ ጀርባ ያለው ቡዙኪ ሠራለት፤ ኋላ የመጡት ሠሪዎች ደግሞ ጀርባውን እንደ ጊታር ጠፍጣፋ ወይም በጥቂቱ ደጋን ያለ አደረጉት። ተጫዋቹ የሚሻው ድምፅ ቀደመ፣ የእጅ ባለሙያው ተከተለ።

ይህን ሐሳብ የሚፈትን አንድ ሰው አለ፦ የዲ ዳናን ባንዱ አሌክ ፊን። እርሱ ስድስት ክር ያለውን የግሪኩን ቡዙኪ ሳይለውጥ ይዞ ከታላላቆቹ አጃቢዎች አንዱ ሆኗል። ለውጡ ያን ያህል ካስፈለገ ፊን ያለ እርሱ እንዴት ተሳካለት? እርሱ የሚፈልገው ከቫዮሊኑ ሥር እየተሽሎከለከ የሚሄድ ቀጭን ድምፅ ነበርና የግሪኩ መሣሪያ በቂ ሆነለት። ይህ ሐሳቡን አያፈርሰውም፤ እርሱም ቢሆን የመረጠው ከሚያጅበው ዜማ ተነሥቶ ነው።

በእጅ የተሠራ ቡዙኪ ለማዘዝ የምታስቡ ሁሉ፣ ስለ እንጨቱና ስለ ጌጡ ከመጠየቃችሁ በፊት የምታጅቡትን ዜማና የምትቃኙበትን ቅኝት ለሠሪው አሰሙት።