ለሐዘን ፈቃድ አለ፤ ለማስታመምስ?

በአገራችን ማስታመም ከሆስፒታል በዕድሜ ይበልጣል። ከአድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ታማሚን ማጠብ፣ አጥሚት ማጠጣት፣ ሌሊት ማገላበጥ ድሮም የእናት፣ የሚስትና የእህት ሥራ ነበር። ሆስፒታል ሲመጣ ይህ ሥራ አልቀረም፤ ተከትሎ ገባ።

ነርስነት ግን መንገዱ ተለየ። በእንግሊዝ አገር በነርስነት የሠለጠኑት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. ሲያርፉ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ። ነርስነት ሙያ ሆነ፤ ደመወዝ ተቆረጠለት። ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ የምታድረው አስታማሚ ግን ምግብ ታመላልሳለች፣ ናሙና ይዛ ላቦራቶሪ ትሮጣለች፣ በግቢው የሌለ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ትዞራለች፤ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለችም።

የተባበሩት መንግሥታት በ1953 እ.ኤ.አ. ያወጣው የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓትም በቤት ውስጥ ያለ ክፍያ የሚሰጥን አገልግሎት ከአገር ምርት ውጭ አደረገው። ታማሚውን የምትጠብቅ ሴት ብንቀጥር ደመወዟ ይቆጠራል፤ እህቱ ብትጠብቀው ዜሮ ነው።

እስቲ እናስላው። በቀን 300 ብር የምታተርፍ የጉልት ነጋዴ 20 ቀን አስታመመች እንበል። የቀረባት 6,000 ብር ነው። ትራንስፖርቱና ምግቡ ከመነሻ ገንዘቧ ይወጣል፤ እቁቡም ይከብዳታል። ስትመለስ ሽንኩርት የምታወርድበት የላትም። የጤና መድኅን የሚሸፍነው ሕክምናውን እንጂ ይህን አይደለም።

ተቀጣሪዋስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናቷ ብትሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ታገኛለች። እናቷ ታማ ብትተኛ ግን፣ ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ በተፈቀደው መሠረት እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ፣ ያውም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። የሕመም ፈቃዱ ለራሷ ሕመም ነው። ስለዚህ የዓመት ዕረፍቷ በሆስፒታል ኮሪደር ያልቃል። እድራችንም ቢሆን አብዛኛው ድንኳኑንም ገንዘቡንም ይዞ የሚመጣው ከሞት በኋላ ነው (በሕመም ጊዜ የሚደርሱም አሉ፣ ይመስገኑ)።

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራ በሰዓት ተለክቷል። እኛም በብድር መዝገባችን “በማስታመም ያለፉ ቀናት” የሚል ዓምድ ከፍተናል። ክፍያ የዘገየባት አባል ቀኑን ታስመዝግብ፤ የመዘግየት ቅጣቱ ይነሳላት ወይ የሚለውን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ስንነጋገር ቁጥሩ በእጃችን ይኖራል።