ምን አሞት ነበር?

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ይህ ነገር የሆነው አርሂባ ነው። አርሂባን ለማታውቁት፣ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ያለ የአፋሮች ሰፈር ነው፤ ወደብ ላይ በጫኝና አውራጅነት ወገቡ የጎበጠ ሰው ሰፈር። ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል፣ የባሕሩ ነፋስ ደግሞ ጨው ይዞ ይገባል። ጨውንና ሙቀቱን አትርሱብኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያን ጊዜ የምነዳው አዲስ አበባ አምቼ ይገጣጥመው የነበረውን ኢቬኮ ትራከር ነበር። ማዳበሪያ ጭኜ ከወደብ ወጣሁ፣ ፒኬ 12 ሳልደርስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አነቀውና ጠፋ። አስነሳሁት፣ ተነሳ። ትንሽ ሄድኩ፣ ሞቀ፣ ጠፋ። እንዲህ እየተባባልን አንድ ከሰዓት አለቀ። ረዳቴ «ኮምፒውተሩ ነው» አለ። ረዳት መቼም ምን ጊዜም ኮምፒውተሩ ነው ይላል፤ በኤንትሬ ዘመን ቢሆን «ናፍጣው ነው» ይል ነበር።

ኤንትሬን ታስታውሳላችሁ? ፊያት 682! ያ መኪና አእምሮ አልነበረውም፤ አእምሮው ሹፌሩ ነበር። ቦሽ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ማቀጣጠያውንና ነዳጁን በአንድ ኮምፒውተር አስሮ ቢኤምደብሊው ላይ የገጠመው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት በኤንትሬ ዳገት ስንገፋ ኖረናል። አሁን ሞተሩ ጎን ላይ የተጣበቀች ሣጥን አለች። መቼ ናፍጣ እንደሚረጭ፣ ስንት እንደሚረጭ የምትወስን እሷ ናት። እሷ ዝም ካለች 40 ቶን ማዳበሪያ መንገድ ዳር ይቀመጣል።

እናም ሣጥን ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ሻጭ «ካልኩላተር ትፈልጋለህ?» አለኝ። ልቆጣው ነበር፤ ሒሳብ የምሠራ መሰለው እንዴ! ለካ ጅቡቲዎች በፈረንሳይኛው ነው የሚጠሩት፤ ኮምፒውተሩን ካልኩላተር ይሉታል። ሰውዬው አንድ የታደሰ ሣጥን አወጣ፤ ምን ልበላችሁ፣ ሙሽራ! አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ተለጣፊ ወረቀት አለው፣ ያብለጨልጫል። ዋጋውን በፍራንክ ነገረኝ። የጅቡቲ ፍራንክ እንደሆነ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ላይ እንደተቸነከረ ነው፤ በዚያ አገር ሙቀት የማይቀልጥ ነገር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከፈልኩ። ተገጠመ፣ ቁልፍ ጠመዘዝኩ፣ በአንድ ጊዜ ተነሳ! ረዳቴ አጨበጨበ። ሻጩ ገንዘቡን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ጭጭ።

ተመልሼ ስሄድ «መኪናህ ነው ያቃጠለው፣ ኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ጮህኩ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ምንም አልመጣም። በዚያ ላይ ጫቱ የሚገባበት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ በጅቡቲ ጫት ሲገባ ክርክር ይቋረጣል።

የዚያን ዕለት ነው ጋሼን ያገኘሁት። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ ባቡር ጋራዥ አጠገብ ሽቦ መጨበጥ የለመደ፣ ኋላ ጅቡቲ የቀረ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሁለቱንም ሣጥኖች ታቅፌ ስደርስ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ነቀነቀና የመጀመሪያውን አንስቶ፣

«ምን አሞት ነበር?» አለኝ።

«እንዴት?»

«ሟቹን ነዋ፣ አቦ! ሳይታመም አልሞተም። ያኛውን የሸጠልህ ሰው ጠይቆሃል?»

አልጠየቀኝም። ጋሼ ሣጥን አልከፈተም መጀመሪያ፤ ወደ መኪናው ሄደ። ቴስተሩን ይዞ፣ ከኢንጀክተሮቹ የሚመጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ከሻሲው ጋር ለካ። አምስቱ ዝም አሉ። ስድስተኛውንም ለካ፣ ዝም አለ። ከዚያ ጠቅላላውን እሽግ ያዝ አድርጎ ሲወዘውዘው ቴስተሩ ጮኸ። ሽቦው ከብረት ማሰሪያ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተልጦ፣ መዳቡ እንደ አጥንት ወጥቷል። ሞተሩ ሞቆ ሲንቀጠቀጥ ብረቱን ይነካል፣ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ለኢንጀክተር የላከው ኃይል መሬት ይገባል። የኔንም ሣጥን የመታው ይኸው፣ የተገዛውንም የመታው ይኸው።

«እንግዲያ ሻጩ እውነቱን ነው!» አልኩ በሐዘን።

«ቆይ» አለኝ። ሙሽራዋን በሙቀት አለስልሶ ከፈታት። ያኔ ነው ያስተማረኝ። እንዲህ ያሉት ሣጥኖች ብዙዎቹ አፍንጫ አላቸው፤ አየር የሚያሳልፍ ውሃ ግን የማያሳልፍ ትንሽ ክብ ሽፋን። ሞተሩ ሲሞቅ ያስተነፍሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይስባል። የሙሽራዋ አፍንጫ በዚያ በሚያምረው ቀለም ተደፍኗል። አፍንጫው የተደፈነ ሣጥን ሲቀዘቅዝ በሶኬቱ በኩል ይስባል፤ የሚስበው ደግሞ የጅቡቲን አየር ነው፣ ጨውና እርጥበት። ቦርዱ ላይ ስታኞው ከቀለጠ በኋላ ሳይጸዳ ቫርኒሽ ተቀብቶበታል። የተተኩትን ካፓሲተሮች በማጉያ አሳየኝ፤ 85 ዲግሪ ይላሉ። የጥንቶቹ 105 ናቸው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የካፓሲተር ዕድሜ እጥፍ ይሆናል ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ እንግዲህ የ20 ዲግሪ ልዩነት ማለት የአራት እጥፍ ዕድሜ ማለት ነው። «ሽቦህ ዛሬ ባይገድላት ኖሮ» አለ ጋሼ፣ «ጨው ክረምት ሳይገባ ይገድላት ነበር።»

ሁለታችንም አጥፍተናል፤ እኔም ሽቦዬን ሳላይ፣ ሻጩም ሳይጠይቅ። እውነቱን ለመናገር ግን የበለጠ ያናደደኝ ቀለሙ ነው።

«የራስህን አሠራ» አለኝ። የየኢንጀክተሩ ኮድና የመኪናው መረጃ ውስጡ አለ፤ የሌላ ሰው ሣጥን ከገጠምክ ያን ሁሉ ማዛወር ሊኖርብህ ነው። አርሂባ ውስጥ ወዳለ አንድ የአፋር ወጣት ወሰደኝ። ልጁ ሣጥኔን ተቀብሎ ገና ሳይቀመጥ በአማርኛ፣ «ምን ሆኖ ነው የሞተው?» አለ። ጋሼን አየሁት፤ ጺሙን እያሻሸ ወደ ባሕሩ ዞሮ ነበር።

በማግስቱ ስመለስ ሣጥኔ እንደ ወትሮዋ አስቀያሚ ናት። አልተቀባችም፤ አፍንጫዋ ክፍት ነው። ልጁ በላስቲክ ከረጢት አሮጌዎቹን ዕቃዎች ሰጠኝ፤ ሦስት ካፓሲተርና አንድ ጎኑ የነደደ ትራንዚስተር። ወረቀት ላይ ቀኑንና የቀየረውን ጽፏል። ጋሼ ግን አላመነም። ሣጥኗን ከ24 ቮልት ጋር አገናኝቶ ፀሐይ ላይ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጣት፣ አምፔሩን እያየ በስክሩድራይቨር እጀታ መታ መታ ያደርጋታል። ጫቱ ገባ፣ ልጁ ሄደ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሄደ። እኛ ሁለታችን ጥላ ፈልገን ሻይ እየጠጣን አንዲት ሣጥን ስትጠበስ ሁለት ሰዓት ተኩል ተመለከትን። መርፌው አልተነቃነቀም።

ገጠምናት። ጋሼ የተላጠውን ሽቦ ቆርጦ ጣለ መሰለኝ፣ አዲስ ቀጠለ፣ ከማሰሪያው አራቀው። ዲኪልን አለፍኩ፣ የዮቦኪን ሙቀት አለፍኩ፣ ጋላፊ ሌሊት ገባሁ። ወረፋ ላይ ቆሜ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ እንዲያው ሥራ ፈትቼ ያን ከረጢት በስልኬ መብራት አየሁት። ሦስቱ ካፓሲተሮች አሉ፣ ትራንዚስተሩም አለ። ከሥራቸው ደግሞ ጣት የምታህል የተላጠች ሽቦ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ጋሼ ገዳዩንም ከሟቾቹ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከቶልኛል።