አንበሳውን አትፋቀው

አጎቴ ቨርጂኒያ ውስጥ የተጋጨ መኪና ያቃናል። አዲስ አበባም እያለ ባትላሜራ ነበር፤ አገር ቀየረ እንጂ ሙያ አልቀየረም። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ደወለና «ቶሎ ና! የአባቴን ጠመንጃ ገዛሁት» አለኝ።

የአባቱ አይደለም፣ መቼም። አያቴ ከጣሊያን በኋላ ክቡር ዘበኛ ነበሩ፤ በፎቶ ላይ ትከሻቸው ላይ ያለው ጠመንጃ የት እንደደረሰ ማንም አያውቅም። አጎቴ ያገኘው የዚያን ወንድም ነው፦ ቤልጅግ የምንለውን፣ ኸርስታል ከተማ የተሠራውን ማውዘር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አገር ቤት መጋዘን ውስጥ ተከምረው የኖሩ አሮጌ ጠመንጃዎች በጅምላ ተሽጠው አሜሪካ ገብተዋል። ካርካኖው፣ ሊ ኤንፊልዱ፣ አባቶቻችን ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ወስደው «ውጅግራ» ያሉት ሳይቀር። ሰብሳቢዎች ይገዟቸዋል፣ ያጸዷቸዋል፣ ይጨቃጨቁባቸዋል።

ጋራዡ ስደርስ እንጨቱ ወልቆ ብረቱ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። አጎቴ በአንድ እጁ ግራይንደር፣ በሌላው የብርጭቆ ወረቀት ይዟል። «ሰኞ እንደ አዲስ ታየዋለህ» አለኝ።

እኔ የማየው ሪሲቨሩን ነበር። ሪሲቨር ማለት በርሜሉ የሚጠመቀጥበት፣ መቀርቀሪያው ወዲህ ወዲያ የሚመላለስበት ብረት ነው። በአሜሪካ ሕግ ጠመንጃው ራሱ እሱ ነው፤ ሰደፉና በርሜሉ መለዋወጫ ናቸው። የፋብሪካው ስም እጎኑ ላይ አለ። ከፊት ያለው ክብ አናት ላይ ደግሞ፣ ፈንጣጣ የያዘው ፊት በመሰለ ዝገት መሀል፣ አንድ ነገር ይታየኛል። ዘውድ። መስቀል። ከፍ ያለ መዳፍ።

«ጋሼ፣ አንበሳውንስ ምን ልታደርገው ነው?»

«የቱን አንበሳ?»

አንበሳው እዚያ ብረት ላይ እንዴት እንደወጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ አለብን፤ የምንሄደውም ወደ አንድ ገጣሚ ነው። አርተር ራምቦ ግጥም ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ንግዱን ሳያፍር ያስረዳል። ጠመንጃዎቹ በካፕሱል የሚተኩሱ፣ ከአገልግሎት ከተወገዱ 40 ዓመት የሆናቸው ናቸው፤ ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ካሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግን 40 ፍራንክ ገደማ ይከፍላሉ። ስሌቱ ይህ ነበር።

አልሆነለትም። በ1887 ሸዋ ሲደርስ ምኒልክ ሐረርን ይዘው ተመልሰዋል፤ የተሻለ መሣሪያም እጃቸው ገብቷል። ዕቃውን በጥቅል ዋጋ አስቀንሰው ወሰዱ፤ ገንዘቡንም ሐረር ወርዶ ከገዥው ከመኮንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። (ይህን ሳነብ ብቻዬን ስቄያለሁ። አልደብቅም።) ቢሆንም ነገሩ መራራ ነው። አውሮፓ የጣለው ብረት ነበር በግመል ተጭኖ የሚመጣልን። የሌላ አገር ንጉሥ ማኅተም፣ የሌላ ክፍለ ጦር ቁጥር የተመታበት ብረት።

የዚያው የመኮንን ልጅ ተፈሪ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። በዚያው ሰሞን የቤልጅግ መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ማሠልጠን ጀምረዋል። ነሐሴ 1922 ላይ ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የጦር መሣሪያ ማስገባትን የሚመለከት ውል ተፈርሟል። ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤልጅግ ያዘዙት ማውዘር አዲስ ነው፤ ቁርጥራጭ አይደለም። ኸርስታል ያለችው ደግሞ የት መሰላችሁ? ሊዬዥ አጠገብ። ራምቦ የ7 ፍራንክ አሮጌ ብረት የቆጠረበት አካባቢ ያለ ፋብሪካ፣ ከ50 ዓመት በኋላ በአዲስ ብረት አናት ላይ የይሁዳን አንበሳ መታ።

እንግዲህ አጎቴ በብርጭቆ ወረቀት ሊያነሳው የነበረው ይህን ነው።

እሱ ግን ሞኝ አይደለም፤ ብረት ከእኔ በላይ ያውቃል። «ጉድጓዱ እንዲጠፋ ዙሪያውን ወደ ጉድጓዱ ወለል ማውረድ ነው» አለኝ። ልክ ነው። መኪና ቢሆን ስቱኮ ሞልቶ ይለሰልሰዋል፤ ጠመንጃ ላይ ስቱኮ የለም። የሚቀነስ እንጂ የሚጨመር የለም። ችግሩ አንበሳውም ጥልቀት ያለው አለመሆኑ ነው። ዝገቱ ከማኅተሙ በላይ ጠልቆ ከገባ፣ ጉድጓዱ ሲያልቅ አንበሳውም አብሮ ያልቃል። ሁለቱን ማግኘት አይቻልም።

ሌላም አለ። የዚያ ዘመን ማውዘር ሪሲቨር እስከ ውስጡ እኩል የጠነከረ አይደለም። ለስላሳ ብረት ሆኖ በእሳትና በካርቦን ቆዳው ብቻ የጠነከረ ነው፤ ቆዳውም ስስ ነው። ግራይንደር ያንን ከላጠው የሚያብረቀርቅ ግን የሚያስፈራ ጠመንጃ ይቀራል። ጥሩ ባለሙያ ሲያለሰልስ እንኳ በማሽን ጨርቅ አይደለም፤ ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ፣ ከ220 ወደ 320፣ ከዚያ ወደ 400 እያሳነሰ፣ በእጁ ነው። የሚሽከረከር ጨርቅ የፊደላትን ጠርዝ ይጎትታል፤ የብሎን ቀዳዳ አፍ እንደ ሳህን ይሰረጉዳል። ሰብሳቢዎች አንዴ አይተው «ይሄ ታድሷል» ይላሉ፣ በቃ።

ደግሞ የሕጉ ነገር ይገርማል። የመለያ ቁጥሩን መፋቅ በአሜሪካ ወንጀል ነው። አንበሳውን የሚጠብቅ ሕግ ግን የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እዚህ ላይ ሳልዋሽ፣ የጠመንጃ ጥቁረት ቀለም ይመስለኝ ነበር። ለካ ዝገት ነው! ዝገት ከዝገት ይለያል። ቀዩ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱን መብላቱንም አይተውም። ጥቁሩ፣ ማግነታይት የሚሉት፣ ብረቱ ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጥና ዘይት ይይዛል። የድሮ ጠመንጃ ሠሪዎች ብረቱን ሆን ብለው ቀይ ያዝጉታል፣ ከዚያ በውሃ ይቀቅሉታል፤ ቀዩ ጥቁር ይሆናል። የላላውን በቀጭን የሽቦ ብሩሽ ጠርገው እንደገና ያዝጉታል። ስድስት ሰባት ጊዜ ቢደጋግሙት ያ ጥልቅ ጥቁር ይወጣል።

የአጎቴ ቤልጅግ ዝገቱን ራሱ አዘጋጅቶ መጥቷል። የሚቀረው መቀቀል ነው።

ከላሜራ ረጅም ገንዳ በየዳ፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ብረቱን በሟሟ ደጋግመን አጠብን፤ ቅባት የቀረበት ቦታ ውሃው እኩል አይሠራም፣ የጣት አሻራ እንኳ ምልክት ይተዋል። ከዚያ በጓንት ይዘን ገንዳው ውስጥ አስገባነው። ውሃው ከሱቅ የተገዛ የተጣራ ውሃ ነው፤ የቧንቧው ጨው ነጭ ነጭ እድፍ ያስቀራል። የጋዝ ምድጃው አክስቴ በበዓል ጓሮ አውጥታ ዶሮ የምትሠራበት ባለሁለት ዓይኑ ነው። አልጠየቅናትም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ተንተከተከ። ስናወጣው ከግማሽ በላይ ጠቁሯል። አጎቴ ብሩሹን ይዞ፣ ስቱኮ ሲያለሰልስ የማውቀውን ያንን ትዕግሥቱን ይዞ፣ ቀስ ብሎ መጥረግ ጀመረ። የሚነሳው ጥቁር ዱቄት ነው፤ ብረቱ አይነካም። ጉድጓዶቹ እንዳሉ ቀሩ። ሦስተኛው ቅቅል ላይ የዘውዱ ጠርዝ ለየ። ቀጥሎ ጎፈሩ፣ የመስቀሉ ዘንግ። የኋላ እግሩ የለም፤ ዝገቱ ድሮ በልቶታል።

አጎቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጨርቅ ዘይት ውስጥ ነከረና በአውራ ጣቱ አንበሳው ላይ አሸት አሸት አደረገው።

«አባባ ይሄን በየቀኑ ይወለውሉት ነበር» አለ። «እኔ አንድም ቀን አላየሁትም እኮ።»

ከጓሮ በኩል የአክስቴ ድምፅ መጣ፤ ምድጃዋን እየፈለገች ነው።