ረቂቁ የት ገባ?

በአውሮጳ የህዳሴ ዘመን የዜማ ደራስያን ረቂቃቸውን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት በሚታጠብ ሰሌዳ ላይ ነበር። ድርሰቱ ሲያልቅ ሰሌዳው ይታጠባል፤ ረቂቁም አብሮ ይሄዳል። የዛሬ አጥኚዎች የተረፈችውን ቁራጭ እየለቀሙ «እንዴት አድርገው ደረሱት?» ይላሉ።

እኛስ? በዚያው ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ (እ.ኤ.አ. 1540–1559)፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓ ምልክት እንደሠሩለት ይነገራል። ምልክቱ ግን የታወቀውን ዜማ ያስታውሳል እንጂ አደራረሱን አይነግረንም።

አደራረስን በዓይን ለማየት የቅኔ ቤት አለልን። ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት ደብረ ኤልያስ በዚህ የታወቀ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በልቡ ይቆጥራል፤ ቃሉን በዜማው ልክ ያስገባል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ የኔታም ያቃኑለታል። ብራና የለ፣ ቀለም የለ።

እንግዲህ ወገኖች፣ የኛ ሰሌዳ የሰው ልብ ነው። የአውሮጳው ታጥቧል፤ የኛው ገና ይናገራል። ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ ያለቀውን ቅኔ ብቻ ጽፈን አንመለስ፤ የተጣለውንና የተቃናውንም ቤት እንጠይቅ። የኔታ ካለፉ በኋላ ማን ይነግረናል?