እንዶድና የብልሃርዝያ በሽታ

በአገራችን ሳሙና ከመለመዱ አስቀድሞ ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ፍሬ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል፤ ይህንም አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለው ቅመም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ብልሃርዝያ ለመመርመር ዓድዋ ወርደው ሳለ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አገኙ። ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 በካይሮ ያገኘው ትል ዕድገቱን የሚፈጽመው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አልፎ ነውና፥ ቀንድ አውጣው ሲጠፋ በሽታው መሸጋገሪያ ያጣል። ከውጭ የሚመጣው መርዝ ውድ ሲሆን፥ እንዶድ ግን በየደጁ የሚበቅል ነው። ሆኖም ዓሣንም ስለሚገድል በጥንቃቄ ሊሠራበት ይገባል።

ከፍሬው ተለይቶ የወጣው ቅመም በኋላ በሊቁ ስም ለማቶክሲን ተባለ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ።

ሴቶቹ ከእናቶቻቸው ተቀብለው ያቆዩት የማጠቢያውን ዘዴ ነው፤ ሊቁ የጨመሩበት አስተውሎ መጠየቅን ነው። አንዱ ያለ ሌላው ባልበቃም ነበር። ስለዚህ በወላይታም ሆነ በሌላው ስፍራ የዕፀዋትን ጥቅም የሚያጠና ሰው፥ ወደ ቤተ ሙከራ ከመግባቱ በፊት ወደ ወንዝ ዳር ይውረድ።