ሰገነት ላይ የቀሩት ባለ ቃሎች

ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ መዝገበ ቃላት ማንሣቴን ከመንገድ እንደ መውጣት የሚቈጥርብኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይቈጠርብኝ። ተበዳይ በምን ቃል እንደሚከስ፣ ምስክር በምን ቃል እንደሚናገር፣ ዳኛም በምን ቃል እንደሚፈርድ የሚመዘግብ መጽሐፍ ከፖለቲካ ውጭ ነው የሚል ካለ፣ እስከ መጨረሻው ታግሦ ያንብበኝ።

ከሩቅ አገር ልጀምር፤ ማስረጃው በሚገባ የተጠበቀው እዚያ ነውና። የእንግሊዞች ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1857 ታስቦ፣ ከ1879 ጀምሮ በጄምስ ሙሬይ አዘጋጅነት ተመርቶ፣ ሙሬይ ካረፉ በኋላ በ1928 ተፈጸመ። የሥራው ሕግ ግልጽ ነበር። ፈቃደኛ አንባብያን ከየመጽሐፉ ዓረፍተ ነገር እየቀዱ በቍራጭ ወረቀት ይልካሉ፤ አዘጋጁ ከዚያ ተነሥቶ ፍቺ ያወጣል። ሕጉ ላይ ላዩን ሲታይ ለማንም አያዳላም። ነገር ግን ለዘመናት ብዕር የጨበጠው ወንዱ ስለ ነበር፣ ምስክሩም በአብዛኛው ወንድ ሆነ። በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ከሼክስፒር ብቻ ከ30,000 በላይ ጥቅሶች ተወስደዋል። አዋላጅ ለወላድ የምትለው፣ ልብስ አጣቢዎች ወንዝ ዳር የሚነጋገሩበት ቃል ግን አንድ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ካላስገባላቸው በስተቀር ደጅ ቆሞ ይቀራል።

ሥራውን ግን ሴቶችም ሠርተውታል። እኅትማማቾቹ ኢዲትና ኤልሳቤጥ ቶምፕሰን ወደ 15,000 ጥቅሶች ልከዋል፤ ራስዋ የታሪክ መጽሐፍ የደረሰችው ኢዲት ደግሞ ለዓመታት የእርማት ገጾችን አንብባለች። የሙሬይ ልጆች ኤልሲና ሮስፍሪዝ የመዝገበ ቃላቱ ረዳቶች ሆነው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1928 ለንደን ውስጥ በወርቅ አንጥረኞች አዳራሽ የፍጻሜው ግብዣ ሲደረግ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስታንሊ ቦልድዊን ንግግር ሲያሰሙ፣ በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ኢዲት ቶምፕሰን፣ ሮስፍሪዝ ሙሬይና ኤልኖር ብራድሊ ሰገነት ላይ ሆነው ወንዶቹ ሲበሉ እንዲመለከቱ ተፈቀደላቸው! ወር ሳይሞላ፣ በጁላይ 2፣ የዚያው የቦልድዊን መንግሥት ለሴቶች ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት የሚሰጠውን ሕግ አጸደቀ።

ከዚያ መጽሐፍ አንድ ቃል ጠፍቶ ነበር፤ «ቦንድሜይድ»፣ ማለትም ሴት ባሪያ። ቍራጭ ወረቀቶቹ የገቡበት ሳይታወቅ ክፍሉ ታተመ፤ መቅረቱም የታወቀው በ1901 ከአንባቢ በመጣ ደብዳቤ ነው፤ ቃሉም ቦታውን ያገኘው በ1933 በወጣው ተጨማሪ ጥራዝ ነው። በንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በገላትያ ምዕራፍ 4፣ አጋር የተጠራችው በዚሁ ቃል ነው። ሴራ ነበር አልልም፤ የጠፋው ወረቀት ነው። ሆኖም አጋር ሁለት ጊዜ ተባረረች ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

ለመሆኑ በእኛስ ዘንድ እንዴት ነበር? ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ኢዘንበርግ በ1841፣ ጒይዲ በ1901 ተከተሉ። ከራሳችን ሊቃውንት ደግሞ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡት የግእዝ መዝገበ ቃላት በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ወጡ። የእነዚህን አባቶች ድካም የሚያቃልል አንደበት የለኝም፤ የደስታ መጽሐፍ ከጠረጴዛዬ አይታጣም። ግን ከእነዚህ ሁሉ በአንዱም የርዕስ ገጽ ላይ የሴት ስም የለም። እንዴትስ ይኖራል? የቃል ዕውቀት የሚገኘው ከቅኔና ከመጻሕፍት ጉባኤ ነበር፤ ጉባኤው ደግሞ የወንድ ነው። በጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እንደ ተአምር የሚነገርላቸው ብቻቸውን ስለ ሆኑ ነው። የቈሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ የለመነውን ቍራሽ የሰጠችው ሴት ናት፤ ያን ቍራሽ በልቶ የተማረው ግን የሌላ ሰው ቃል ነው።

የእርሷን ዓለም ለምሳሌ ከፈትል ብንጀምር፣ ጥጡ በመዳመጫ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ልቃቂት ይሆናል። ከዚህ በኋላ ነው ሸማኔው ተቀብሎ ድርና ማግ የሚያደርገው። በየስብሰባው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚሉ ፖለቲከኞቻችን ድሩን የፈተለው ማን እንደ ሆነ ጠይቀው ያውቃሉን? (የሸረሪት ድር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አንበሳ በሸረሪት ድር ሲታሰር አይታየኝም።) ስፌትም እንዲሁ ነው። ስንደዶንም ሆነ አክርማን «የሣር ዓይነት» ብሎ ማለፍ ለመዝገበ ቃላት ጸሐፊ ቀላል ነው። መቼ እንደሚታጨድ፣ የትኛው ለውስጥ የትኛው ለላይ እንደሚሆን፣ ተነክሮ አለላ ሲባል ቀለሙ የሚይዘው እንዴት እንደ ሆነ የምታውቀው ግን ወስፌ የያዘችው ናት። ፍቺው ያለው በእጇ ነው።

እጅግ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሥር ቃል በሚደረደር መዝገበ ቃላት «ጠለፈ» ሥር ሁለት ነገር ይገናኛል፤ በቀሚስ ላይ የሚያምረው ጥልፍና ከመንገድ ላይ ልጃገረድ መንጠቅ። ጥልፉ የእርሷ ሥራ ነው፣ ጠለፋው የእርሱ፤ በሁለተኛው ግሡ ለእርሷ የሚሰጣት «ተጠለፈች» የሚለውን ብቻ ነው። «ደፈረ» ደግሞ ይብሳል። ሰው ምን ይደፍራል? ድንበር ይደፍራል፣ አጥር ይደፍራል፣ ሕግ ይደፍራል። የሚደፈረው ባለቤት ያለው ነገር ነው። ሴቲቱ ስትደፈር ተደፈርሁ የሚለው ባለ አጥሩ፣ አባቷ ወይም ባሏ ነው ማለት ነው። ከቃሉ ውስጥ የእርሷ ሥቃይና የእርሷ እምቢታ የሉም፤ የወንዱ ጀግንነት ግን አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንኳ ከዚህ ቃል ሊወጣ ስላልቻለ «አስገድዶ መድፈር» ብሎ እምቢታዋን በቅጥያ አገባላት።

ቃል ብቻ ነው እንዳይባል፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባች ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ክስ አይቀርብበትም ይል ነበር። «በፈቃዷ» የሚለው ቃል ለተጠለፈች ልጅ ምን ማለት እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም። ይህ በር የተዘጋው በ1996ቱ ሕግ፣ ማለትም ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ተኵሳ ገደለች፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተሟገተላት፤ ፍርድ ቤቱም ራስዋን ስለ ተከላከለች በነጻ አሰናበታት። በ2014 በታሪኳ ላይ የተሠራው ፊልም ስሙ «ድፍረት» ነው። እርሱ የፈጸመውም፣ እርሷ የመለሰችለትም በዚህ አንድ ቃል ይጠራል። ወደፊት የሚዘጋጅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት እዚህ ቃል ላይ ሲደርስ፣ ሁለቱን በአንድ ተራ ቍጥር ሥር እንዳያስቀምጣቸው፣ የእርሷንም ፍቺ ራስዋን ሳይጠይቅ እንዳይጽፍ እለምናለሁ።